ማነው የሞተው?

አንድ የፊልም ፖስተር ከጫንጮ መንገድ ዳር ተነስቶ ባሕር ማዶ እስኪደርስ

ጫንጮ ዋናው መንገድ ዳር፣ ፎቶ ኮፒ፣ ማህተም፣ የሰርግ ካርድና ባነር በአንድ ክፍል የሚሠራባት ሱቅ አለች። በሯ ላይ ከትናንት ማታ ጀምሮ አንድ ወረቀት ተለጥፏል። ጀርባው ጥቁር ነው። መሐሉ ላይ የአንዲት ልጃገረድ ፊት ይታያል፤ ግማሹ ብርሃን፣ ግማሹ ጥላ። ከአገጯ ሥር በደቃቅ ፊደል አንድ ቃል ተጽፏል። ሌላ ምንም የለም።

ማለዳ ነው። ሜዳው ላይ ያደረው ጉም ገና አልተነሳም። ከደርባ ሲሚንቶ የጫነ ተሳቢ የሱቋን መስኮት እያንቀጠቀጠ ወደ አዲስ አበባ ያልፋል። ድርቆሽ የተቆለለበት አይሱዙ ይከተለዋል። ወተት ሊያስረክቡ የወጡ አንዲት እናት በሩ ፊት ሲደርሱ ቆሙ። ጀሪካናቸውን መሬት አስቀመጡ፤ የነጠላቸውን ጫፍ ወደ አፋቸው አስጠግተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ ማነው የሞተው?»

ወጣቱ ዲዛይነር ከኮምፒውተሩ ቀና አለ። «የሞተ የለም እማማ። የፊልም ማስታወቂያ ነው።»

እናትየዋ ወረቀቱን ደግመው አዩት። «ታዲያ ምነው አጨለማችሁባት? ገና ልጅ አይደለች እንዴ?» አሉና ጀሪካናቸውን አንስተው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ዲዛይነሩ ሳቀ። ሳቁ ግን አልቆየም። ወንበሩን ወደ በሩ አዞረና ሥራውን ዛሬ ገና እንደሚያየው ሰው ዝም ብሎ ተመለከተው። ሦስት ሳምንት አምሽቶበታል።

ፖስተሩ የአንድ አጭር ፊልም ነው። ጎህ ሳይቀድ ወተት የምታመላልስ ልጅ፣ በየማለዳው መንገድ ላይ የምታገኛቸውን ሯጮች እያየች አንድ ቀን እግሯ አብሯቸው ይነሳል። የሱሉልታ ሜዳ የሯጮች መለማመጃ ስለሆነ ታሪኩ ለአካባቢው እንግዳ አይደለም። ዳይሬክተሩ ፊልሙን ለውጭ ሀገር ፌስቲቫል ሊልከው ነው። ብዙ ፌስቲቫሎች ሌላ ቦታ ያልታየ ፊልም ስለሚመርጡ፣ እስኪመረጥ ድረስ ርዕሱን እንዳንጽፍ ለምኖናል።

ወረቀቱ የሚሠራው እንግዲህ ጫንጮን በስሟም ለማያውቅ ሰው ነው። ታዲያ የጫንጮ እናት «ማነው የሞተው?» ብለው ቢጠይቁ ዲዛይነሩን ምን ያስጨንቀዋል?

ሰርግም ሐዘንም የሚታተምበት ቤት

ጫንጮ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ወደ ፍቼና ወደ ጎጃም በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ብላ ስለተቀመጠች ብርዷ የታወቀ ነው። መንገደኛ የሚያስታውሳት በድርቆሽ ክምሯ፣ በወተቷና በጭነት መኪኖቿ ነው። የፊልም ሰው መናኸሪያ ናት የሚል የለም።

የሱቋን ገቢ የሚወስነውም የቀን መቁጠሪያ እንጂ ሲኒማ አይደለም። በጥርና በሚያዝያ የሰርግ ካርድ ይበዛል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ የምረቃ ባነር ይደርሳል። ሐዘን ግን ወር አይመርጥም። ሟች በተቀበሩ በአርባኛው ቀን ወይም በሙት ዓመታቸው ቤተሰብ አንድ ፎቶ በስልክ ይዞ ይመጣል። ዲዛይነሩ ከፎቶው ላይ ፊቱን ቆርጦ ያወጣል፤ ጀርባውን ያጠቁራል፤ ከሥሩ ስምና ዘመን በነጭ ፊደል ይጽፋል።

ይህ አሠራር በየከተማው ስለተደጋገመ ራሱን የቻለ ቋንቋ ሆኗል። ሁለት ፊት ጎን ለጎን ከሆነ ሰርግ ነው። ጥቁር ካባና ባለ ዘርፍ ቆብ ካለ ምረቃ ነው። አንድ ፊት ብቻውን ተልቆ ጨለማ ላይ ከተቀመጠ ደግሞ ሰው ቆም ይላል፤ ነፍስ ይማር ይላል።

> በሀገራችን ግድግዳ ላይ አንድ ፊት ብቻውን ጨለማ ውስጥ ከታየ፣ ማንበብ የማይችልም ሰው ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

ዲዛይነሩ ይህን ቋንቋ ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ እንጀራው ነው። ለፊልሙ ሲሠራ ግን የሐዘን ባነር ትዝ አላለውም። ትዝ ያሉት በስልኩ ሰብስቦ ያጠናቸው የውጭ ፌስቲቫል ፖስተሮች ናቸው። እዚያ ጥቁር ጀርባና ብቸኛ ፊት ማለት ቁም ነገር፣ ጥልቀት፣ ጥበብ ማለት ነው። አንድ ዓይነት ልብስ እዚያ ለግብዣ፣ እዚህ ለለቅሶ ይለበሳል።

ጭንቅላት በጭንቅላት ላይ

የፊልም ፖስተር ዕድሜው ከፊልሙ ይበልጣል ቢባል ማጋነን አይሆንም። የሉሚየር ወንድማማቾች ፓሪስ ውስጥ ገንዘብ ከፍሎ ለገባ ተመልካች ፊልም ያሳዩት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1895 ነው። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1892፣ ዡል ሼሬ የተባለው ሠዓሊ ኤሚል ሬኖ በእጅ እየሣለ በብርሃን ለሚያንቀሳቅሳቸው ሥዕሎች ፖስተር ሠርቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1896 ደግሞ ማርሴሊን ኦዞል ለሉሚየሮች የሠራው ፖስተር ወጣ። ኦዞል የሣለው መጋረጃው ላይ የሚታየውን ቀልድ ብቻ አልነበረም፤ ፊት ለፊት ተቀምጠው የሚስቁትን ቤተሰቦችም ነው። ሲኒማ ምን እንደሆነ ለማያውቅ መንገደኛ «እዚህ ብትገባ እንዲህ ትስቃለህ» እያለው ነበር።

አዲስ አበባ ሲኒማ ሲገባ ያገኘው አቀባበል ከሳቅ ይልቅ ፍርሃት ይበዛበት ነበር። ሕዝቡ ያን የጥንት ሲኒማ ቤት «የሰይጣን ቤት» ብሎ እንደጠራው ዛሬም ይነገራል። ቆይቶ ግን ሲኒማ ኢትዮጵያ፣ ሲኒማ አምፒርና አምባሳደር የከተማው ሰው የሚቀጣጠርባቸው ቦታዎች ሆኑ። በ1957 ዓ.ም የታየው የመጀመሪያው የሀገር ውስጥ ባለ ሙሉ ርዝመት ፊልም «ሂሩት አባቷ ማነው?» ይባላል። ርዕሱ ራሱ ጥያቄ ነው፤ የፖስተሩን ሥራ ገና ከደጅ ግማሽ ያህል ጨርሶለታል።

ያኔ ሥራው በእጅ ነበር። አንድ አንጋፋ ሠዓሊ ሲያስታውሱ፣ ከውጭ የመጣችውን ትንሽ ፎቶ በእርሳስ በካሬ ይከፋፍሏታል፤ በተወጠረ አቡጀዲ ላይ ያንኑ ካሬ አልቀው ያሰምራሉ፤ ከዚያ ካሬ በካሬ ይሥላሉ። «ከቅርብ ስታየው የቀለም ጭቃ ነው» ይላሉ። «አስፋልቱን ተሻግረህ ዞር ስትል ነው ሰው የሚሆነው። እኛ የምንሠራው ለተሻገረው ሰው ነበር።»

ትንንሽ ከተሞች ያን ያህል ዕድል አልነበራቸውም። የቪዲዮ ቤቱ ፖስተር ጥቁር ሰሌዳ ነበር፤ የዕለቱ ፊልም በጠመኔ ይጻፍበታል፤ ዝናብ ከመጣ ፕሮግራሙ ይታጠባል። ጋና ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ጄነሬተርና ቴሌቪዥን ጭነው ከመንደር መንደር የሚዞሩ ቪዲዮ አሳዮች በዱቄት ጆንያ ላይ ፖስተር ያስሥሉ ነበር። ሠዓሊዎቹ አንዳንዴ ያላዩትን ፊልም ይሥላሉ፤ ፊልሙ ውስጥ የሌለ እባብና እሳት ይጨምሩበታል። እነዚያ ጆንያዎች ዛሬ ምዕራባውያን ሰብሳቢዎች በውድ የሚገዟቸው የሥዕል ሥራዎች ሆነዋል።

በእኛ ሀገር ከእጅ ሥዕል ወደ ኮምፒውተር የተሻገርነው የአማርኛ ፊልም በቪዲዮ ካሜራ መቀረጽ ሲጀምርና ሲኒማ ቤቶች በሀገር ውስጥ ፊልም ሲጥለቀለቁ ነው። የዚያን ዘመን ፖስተር አንባቢ በዓይነ ኅሊናው ማየት አያቅተውም። የተዋንያኑ ጭንቅላት ተደርድሯል፤ የታዋቂው ትልቅ፣ የጀማሪው ትንሽ። ከኋላ ከተማ፣ ከታች መኪና፣ ከጎን የምታለቅስ ሴት፣ ጥግ ላይ ሽጉጥ። ርዕሱ ወርቃማ ሆኖ ያብረቀርቃል።

የሥነ ጥበብ ተማሪዎች በዚህ ይቀልዳሉ። አንድ የሥነ ጥበብ መምህር ግን ቀልዱን አይወዱትም። የንግሥተ ሳባን ታሪክ በየካሬው ከፋፍሎ በአንድ ሸራ የሚተርከውን ባህላዊ ሥዕል አስታውሱ ይላሉ። እዚያም ታሪኩ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አለ፤ ሁሉም ሰው አለ። ጻድቁ በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት ያያል፤ ክፉው በጎኑ ይሣላል፣ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። «የእኛ ተመልካች ሥዕል ፊት ቆሞ ታሪክ ማንበብ የለመደ ነው። ጭንቅላት የሚደረድረው ዲዛይነር አላዋቂ አይደለም፤ የተመልካቹን ልማድ የሚያውቅ ነው» ባይ ናቸው።

የማያውቅህ ሰው ሲያይህ

ፌስቲቫል ላይ ይህ ልማድ አይሠራም። ምክንያቱም ቀላል ነው፤ እዚያ ተዋናዩን የሚያውቀው የለም። አዲስ አበባ ውስጥ ትኬት የሚያስቆርጠው ፊት በርሊን ውስጥ የማንም ፊት ነው። ሰባት ጭንቅላት መደርደር ሰባት እንግዳ ሰዎችን በአንድ ጊዜ እንደማስተዋወቅ ይሆናል። ስለዚህ የፌስቲቫል ፖስተር ይቀንሳል፤ አንድ ምስል፣ አንድ ርዕስ፣ ብዙ ባዶ ቦታ።

ይህን መቀነስ ወደ ጥበብ ከፍ ያደረጉት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የነበሩት የፖላንድ ዲዛይነሮች ናቸው። ፊልም የሚያከፋፍለው መንግሥት ስለነበረ የኮከብ ፊት ለጥፎ ገበያ መሻማት አላስፈለጋቸውም። እነ ሄንሪክ ቶማሼቭስኪ የፊልሙን ስሜት በአንድ ምልክት ይሥሉት ነበር። የቬኒስ ፌስቲቫልም ከእ.ኤ.አ. 2018 እስከ 2024 ፖስተሩን ያሠራው ሎሬንሶ ማቶቲ በተባለ ሠዓሊ ነው፤ በእጅ የተሣለ መስመር ዛሬም ዋጋ እንዳለው ማሳያ ይሆናል።

የፌስቲቫል ፖስተር ሁልጊዜ በሰላም አይወጣም። የካን ፌስቲቫል የመጀመሪያ ፖስተር የተዘጋጀው እ.ኤ.አ. ለ1939 ነበር፤ ጦርነቱ ስለፈነዳ ፌስቲቫሉ ተሰርዞ በ1946 ተጀመረ። ግብዣው ወጥቶ ድግሱ ቀረ እንደማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ የክላውዲያ ካርዲናሌን የወጣትነት ፎቶ ፖስተር ሲያደርጉት ወገቧንና እግሯን በኮምፒውተር አቅጥነውት ተገኘ፤ ተመልካቹ ዋናውን ፎቶ አምጥቶ ጎን ለጎን አስቀመጠና ብዙ ነቀፋ ተከተለ።

የኢትዮጵያ ፊልሞችም በእነዚህ አዳራሾች አልፈዋል። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማትንና የምርጥ የፊልም ጽሑፍ ሽልማትን አገኘ፤ በማግሥቱ ዓመት በኡጋዱጉው ፌስፓኮ ትልቁን ሽልማት፣ የየኔንጋን የወርቅ ፈረስ፣ ወሰደ። የዘረሰናይ ብርሃኔ «ድፍረት» እ.ኤ.አ. በ2014 በሰንዳንስ የተመልካቾች ሽልማት አገኘ። የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» እ.ኤ.አ. በ2015 በካን ይፋዊ ምርጫ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ሆነ፤ በዚያ ዓመት የካን ፖስተር ላይ የኢንግሪድ በርግማን ፈገግታ ነበር።

በእነዚህ ፊልሞች ርዕስ ላይ ቆም ማለት ለፖስተር ሠሪ ትምህርት ነው። «ድፍረት» በአማርኛ ጀግንነትም ነው፣ መደፈርም ነው። ተጠልፋ የተደፈረች፣ ራሷንም በድፍረት ያዳነች ልጅ ታሪክ በአንድ ቃል ገባ። ይህን ድርብ ትርጉም ወደ እንግሊዝኛ ማሻገር ስለማይቻል ቃሉ በላቲን ፊደል እንዳለ ተጻፈ። «ጤዛ»ም እንዲሁ እንዳለ ሄደ። «ላምብ» ግን ባሕር ማዶ የወጣው ሁሉም በሚያውቀው የእንግሊዝኛ ቃል ነው፤ ታሪኩ ስለ አንድ ልጅና ስለ በጉ ስለሆነ ቃሉ በሩን ወዲያው ይከፍታል። አንዱ መንገድ እንግዳውን «ምን ማለት ይሆን?» ያሰኘዋል፤ ሌላው ሳያስጨንቅ ያስገባዋል። ሁለቱም ደርሰዋል።

የአሥራ ሦስቱ ወር ወጥመድ

የጫንጮው ዲዛይነርና ዳይሬክተሩ የተጨቃጨቁት በጥቁሩ ቀለም ብቻ አይደለም። የመጀመሪያው ንድፍ ሌላ ነበር፤ የድርቆሽ ክምር፣ የመስከረም አደይ አበባ፣ ከሩቅ እንጦጦ፣ ልጅቷ ወተቷን ይዛ። የሚያምር ሥራ ነበር። ዳይሬክተሩ አየውና «ብሮ፣ ይሄ እኮ የቱሪስት ፖስተር ነው» አለው።

ነገሩ ሥር አለው። በ1950ዎቹ ዓ.ም የኢትዮጵያን ቱሪዝም የመሠረቱት ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ «የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ» በሚል መፈክር ሀገሪቱን ለዓለም አስተዋወቁ። ፖስተሮቹ በአየር መንገድ ቢሮና በኤምባሲ ግድግዳ ላይ ተሰቅለው የአንድ ትውልድ ዓይን አሳደጉ፤ ውብ ፊት፣ ተራራ፣ ፏፏቴ፣ ቤተ ክርስቲያን። በጊዜው ትልቅ ሥራ ነበር፤ ሀገሪቱ በራሷ ፎቶ፣ በራሷ ቃል ራሷን ያስተዋወቀችበት ነው። ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ የሚሠራው ሁሉ ያንን ሲመስል ነው። ከዚያም ረሃቡ ደረሰ፤ የዓለም ካሜራ ሌላ ምስል ጨመረበት።

አንድ የፊልም ፌስቲቫል አዘጋጅ ይህን በግልጽ ይናገራሉ። «ከኢትዮጵያ የሚመጣ ፖስተር ሁለት ነገር ይጠበቅበታል፤ ወይ መልክዓ ምድር፣ ወይ የልጅ ዓይን። ያንን ካደረግህ ትመረጣለህ ብሎ የሚያስብ ዳይሬክተር ብዙ ነው። አንዳንዴም እውነቱን ነው፤ አስቸጋሪ የሚያደርገውም ይኸው ነው።»

> «የማላውቀውን ሰው ለማስደሰት ብዬ የማውቀውን ሰፈር ውሸት ማስመሰል አልፈልግም።» — ወጣት ዳይሬክተር

ሌላ ዳይሬክተር ደግሞ በዚህ ሥጋት አይስማማም። አደይ አበባ የተነቀፈው ፈረንጅ ስለወደደው ነው ወይ ይላል። ጫንጮ በመስከረም እውነትም ቢጫ ናት። ልጅቷ እውነትም ወተት ትሸከማለች። እንግዳው እንዲህ ይጠብቃል ብለን ያለንን ከደበቅን፣ አሁንም የምንሠራው ለእሱ ብለን ነው።

ክርክሩ አልተቋጨም። ዲዛይነሩ አበባውን አነሳ፤ ተራራውን አነሳ፤ ድርቆሹን አነሳ። ሲያነሳ ሲያነሳ ፊቷና ጨለማው ብቻ ቀሩ። ወደ ለቅሶው ባነር የደረሰው በዚህ መንገድ ነው፤ ከአንድ ልማድ ሲሸሽ ሳያውቀው ሌላ ልማድ ላይ ወደቀ።

ሉ ወይስ ሊ?

ከምስሉ ይልቅ ጊዜ የበላው ፊደሉ ነው። ይህን ለማየት ከጎኑ መቀመጥ ያስፈልጋል።

ዲዛይነሩ በየቀኑ በሦስት ቋንቋ ነው የሚሠራው። የጫንጮ ባነር ላይ ኦሮምኛው በቁቤ፣ አማርኛው በፊደል፣ እንግሊዝኛው በላቲን ይሰለፋሉ። በቁቤ የረዘመ አናባቢና የጠበቀ ተነባቢ በድርብ ስለሚጻፍ ቃሉ ይለጠጣል። አማርኛው ተነባቢና አናባቢን በአንድ ፊደል ስለሚጠቀልል ያንኑ ነገር በግማሽ ቦታ ይጨርሳል። ሦስቱን መስመር አንድ ወርድ ማድረግ የዕለት ፈተናው ነው።

የፊልም ፖስተር ሥር ያለው የባለሙያዎች ዝርዝር ደግሞ ሌላ መከራ አለው። በውጭው ልማድ ስሞቹ በረጅም፣ ቀጭንና ጠባብ ፊደል ይታጨቃሉ። ለላቲን እንዲህ ያለ ፊደል ሞልቷል። ለአማርኛ ግን ምርጫው ትንሽ ነው፤ ያለውን ፊደል በግድ ከግራና ከቀኝ መጫን ይቀራል። ዲዛይነሩ ይህን በስክሪኑ ላይ አሳየን። «ሉ»ን ጻፈ፤ ቅጥያዋ ከቀኝ እግሯ መሐል ላይ ናት። «ሊ»ን ጻፈ፤ ቅጥያዋ ወደ ታች ወርዳለች። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ጨመቃቸው፤ አሳነሳቸው። ከሁለት ሜትር ርቀት ሁለቱ አንድ ሆኑ። «የሰው ስም ነው የማበላሸው» አለ። «ሉላ የነበረችው ሊላ ትሆናለች።»

አማርኛ ትልቅና ትንሽ ፊደል ብሎ አይለይም። እንግሊዝኛው በዋና ፊደል የሚጮኸውን አማርኛው በመጠን፣ በውፍረት ወይም በቀለም ነው የሚያጎላው። ይህም ቢሆን አዲስ አይደለም። የብራና ጸሐፍት ጥቁርና ቀይ ቀለም ይዘው፣ የፈጣሪን፣ የእመቤታችንንና የቅዱሳንን ስም በቀይ ሲጽፉ ኖረዋል። ዓይን ገጹ ላይ ሳያነብ የሚያርፍበትን ቦታ ቀድመው ያውቁ ነበር። በ1950 ዓ.ም ዓለ ፈለገ ሰላም ካቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የወጡ ሠዓልያንም ፊደልን ከማንበቢያነት አልፈው ሥዕል አድርገውታል።

እዚህ ላይ ነው ዲዛይነሩና ዳይሬክተሩ ሁለተኛ የተጋጩት። ዳይሬክተሩ ዳኞቹ አያነቡትም ብሎ አማርኛው ይውጣ፣ እንግሊዝኛው ብቻ ይቀመጥ አለ። ዲዛይነሩ የመለሰው መልስ የሚታወስ ነው፦ «አያነቡትም፤ ግን ያዩታል። አንተ የጃፓን ፊልም ፖስተር ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብበኸው ታውቃለህ? ቢያወጡት ግን ፊልሙ የማን እንደሆነ ይጠፋሃል።»

በፋይል ላክ!

ከሐሳቡ በኋላ ያለው ልፋት የጉልበት ነው። ለፊልም ፖስተር በዓለም የተለመደው መጠን 69 በ102 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በጥራት ለማተም ምስሉ 8,100 በ12,000 ነጥብ ያህል ሊኖረው ይገባል። ዳይሬክተሩ የልጅቷን ፎቶ መጀመሪያ የላከው በቴሌግራም ነበር፤ ቴሌግራም ደግሞ ፎቶን በፎቶነት ከላኩት ይጨምቀዋል። ሲልቁት የልጅቷ ቅንድብ ወደ ካሬ ካሬ ተበተነ። «በፋይል ላክ!» የሚለው ትእዛዝ በሱቋ ግድግዳ ላይ በትልቁ የተጻፈው ለእሱ ብቻ አይደለም፤ ሙሽራውም፣ ተመራቂውም፣ ሐዘንተኛውም ያንኑ ስህተት ይሠራሉ።

ቀለሙም ያታልላል። ስክሪን ላይ የሚነደው ቀይ በወረቀት ላይ ወደ ጡብ ቀለም ይወርዳል፤ ስክሪን የሚሠራው በብርሃን፣ ማተሚያው በቀለም ነውና። በዙሪያው ለመቁረጫ 3 ሚሊ ሜትር ትርፍ መተው አለበት። መብራት ሳይጠፋ ማስቀመጥ አለበት። ትልቁ ህትመት ጫንጮ ስለማይሠራ ፋይሉ በፍላሽ ተይዞ፣ በሱሉልታ አድርጎ እንጦጦን አልፎ ወደ አዲሱ ገበያ ይወርዳል። በበሩ ላይ የተለጠፈው የሙከራ ወረቀት ከዚያ የመጣ ነው።

የዛሬው ፌስቲቫል ደግሞ ሌላ ጥያቄ ጨምሯል። ፖስተሩ ከግድግዳ በፊት የሚታየው በስልክ ነው፤ በአውራ ጣት ጥፍር መጠን፣ ከሌሎች መቶዎች መሐል። ስለዚህ ዲዛይነሩ ሁለት ፈተና አለው። አሥር እርምጃ ወደ ኋላ ሄዶ ያየዋል፤ ቀጥሎ በስልኩ አሳንሶ ያየዋል። በሁለቱም ከታየው ያልፋል። እማማ የጨመሩለት ሦስተኛውን ፈተና ነው፤ የሰው ፈተና።

እንግዳው እኛ ዘንድ ሲመጣ

መንገዱ ወዲያ ብቻ አይሄድም። አዲስ አበባ ራሷ የውጭ ፊልሞች ፌስቲቫል ከተማ ናት። የአውሮፓ ፊልም ፌስቲቫል እንደ አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝ፣ ጎተ ኢንስቲትዩትና የጣሊያን የባህል ተቋም ባሉ ቤቶች የብዙ ሀገር ፊልሞችን ሲያሳይ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2012 የተጀመረው የናይል ቀለማት ዓለም አቀፍ የፊልም ፌስቲቫል ደግሞ የአፍሪካ ፊልሞችን አምጥቷል።

ለእነዚህ ፖስተር መሥራት የተገለበጠ ችግር ነው። የአንድን ፊልም ምስል ካወጣህ ሌላው ሀገር ይቀየማል። ባንዲራ ከደረደርክ የስብሰባ አዳራሽ ይመስላል። ስለዚህ ዲዛይነሮች ወደ ፊልም ጥቅልልና ወደ ፕሮጀክተር ብርሃን ይሸሻሉ። ከሥር ደግሞ የስፖንሰር ሎጎ ሰልፍ አለ፤ ሁሉም እኩል መሆን አለበት፤ አንዱ በሁለት ሚሊ ሜትር ቢያንስ ስልክ ይደወላል። እንዲህ ያለ ሥራ የሠራ አንድ ዲዛይነር «ከፖስተሩ ይልቅ ሎጎዎቹን ሳስተካክል ነው ያደርኩት» ይላል።

ያም ሆኖ አዲስ አበቤው የሚመጣው ፖስተሩ በገባው ጊዜ ነው። የፌስቲቫል አዘጋጆች እንደሚሉት፣ አማርኛው ጥግ ላይ ተጨምቆ ከተጻፈ አዳራሹን የሚሞላው የተለመደው እንግዳና የኤምባሲ ሰው ነው። አማርኛው ከፊት ሲወጣ የሰፈር ልጅም ይገባል፤ በዚያ ፖስተር ላይ ማን እንደተጠራ ይታወቃላ።

ሁለተኛው ወረቀት

ከሦስት ቀን በኋላ ወደ ጫንጮ ተመለስን። ዳይሬክተሩም ነበር። ጥቁሩ እንዳይነካ ሲከራከር አመሸ፤ «ዳኛው እኮ አርባ አያወጣም፣ ምን ያውቃል?» አለ። ዲዛይነሩ ስክሪኑን እያየ መለሰለት። «ዳኛው አያውቅም። እናትህ ግን ያውቃሉ። ሽልማቱን ይዘህ ስትመጣ ይሄንኑ አይደል ቤት የምትሰቅለው?»

ዳይሬክተሩ ዝም አለ።

ዲዛይነሩ ጥቁሩን አላጠፋውም፤ አነጋው እንጂ። ከላይ ጨለማው እንዳለ ነው፤ ወደ መሐል ሲወርድ ሰማያዊ ይሆናል፤ ከታች፣ በሜዳው ጠርዝ ላይ፣ እንደ ክር የቀጠነ የንጋት ብርሃን ተዘርግቷል። ፊቷን አሳንሶ ሙሉ ሰውነቷን አመጣው። ልጅቷ ጀሪካኗን አዝላ ቆማለች፤ አንድ ተረከዟ ብቻ ከመሬት ተነስቷል። አበባ የለም፤ ተራራ የለም። ርዕሱ በአማርኛ፣ ከግራ ጫፍ እስከ ቀኝ ጫፍ፣ አድማሱ ላይ ተኝቷል። እንግሊዝኛው ከሥሩ በትንሹ ተቀምጧል። ወረቀቱ ማታውን በሩ ላይ ተለጠፈ።

በማግሥቱ ማለዳ ጉሙ ወፍራም ነበር። እማማ በሰዓታቸው መጡ። ሊያልፉ ብለው ቆሙ። ነጠላቸውን አልነኩም፤ ጀሪካናቸውንም አላወረዱም። ርዕሱን አንድ በአንድ፣ ፊደል እየለቀሙ አነበቡት። ከዚያ ልጅቷን ከእግር እስከ ራሷ አዩና ወደ ሱቁ ውስጥ ጮክ ብለው ጠየቁ።

«አንተ ልጅ! ይቺ ደግሞ በዚህ ሌሊት ወዴት ልትሄድ ነው?»

ዳይሬክተሩ ሊመልስላቸው አፉን ከፈተ። ዲዛይነሩ ክንዱን ያዘው።